ድንጋይ የማታውቅ ውሻ

ፉሪ ውስጥ ከእኔ በቀር በግ የሚያግድ ሰው የለም ብል ትንሽ አጋነንኩ እንጂ አልዋሸሁም። አባቴ ያርሰው የነበረው ማሳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ፣ ባለ አምስት ፎቅ፣ አንዱማ የት ላይ እንደሚያቆም ባለቤቱም የማያውቀው ሕንፃ ሆኗል። ለእኔ የተረፈችኝ ቤቴና ከቤቴ ጀርባ ያለች ጓሮ ናት። ጓሮዋ አሥራ ሦስት በግ ተኝቶባት አሥራ አራተኛው ቆሞ የሚያድርባት ናት፤ በጎቼም አሥራ አራት ናቸው። ሣሩ ያለው ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ከነመንጋዬ አስፋልት እሻገራለሁ። ቀይ ባሕርን መሻገር ከባድ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ፉሪ መጥቶ ከበግ ጋር ይሞክረው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አሥራ አምስተኛ የነበረውን ሙክት ሚኒባስ ገጭቶ ገደለብኝ። ባለቤቴ ስትቆጣ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አይጮኽም። በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣

«ስማኝ» አለች። «ጉልበትህ እንደሆነ ደክሟል። አንዱን ስትመልስ ሁለቱ ይበተኑብሃል። ከእንግዲህ አንድ በግ አስፋልት ላይ ከቀረ የተረፉት በሙሉ ይሸጣሉ።»

«እኔስ?»

«አንተን ማን ይገዛል?»

መልሷ ቀልድ ነበር፤ ውሳኔዋ ግን የምር ነው። ልክ መሆኗንም አውቃለሁ። ግን እነዚህ በጎች አባቴ ካረባቸው የወረዱ ናቸው። ማሳው ሄደ፣ በሬዎቹ ሄዱ፣ የገበሬ ቤት መሆናችንን የሚመሰክሩልኝ እነሱ ብቻ ቀሩ። እነሱ ከሄዱ እኔም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዜና የሚሰማ ሰው መሆኔ ነው። ዜና ደግሞ በባዶ ሆድ አይሰማም፣ በሙሉ ሆድም አይሰማም።

ውሻዋን ያመጣት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከከተማ ውጭ በግ ያረቡ ለነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሾፌር ነበር። ሰዎቹ ጠቅልለው አገራቸው ሲገቡ ውሻዋን ለእሱ ትተውለት ሄዱ። እሱ ግን የሚኖረው ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ የበግ ውሻ ናት» አለኝ።

«ምን ማለት ነው? በግ ትበላለች?»

«ኧረ ታግዳለች!»

«እንግዲያው እሷ ታግድልኝ፣ እኔ በር ላይ ታስሬ ልጩኽላት!» ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁ።

በእኛ ሰፈር የውሻ ሥራ አንድ ነው፤ በር ላይ ታስሮ መጮኽ። በግ አጠገብ የታየ ውሻ ሌባ ነው፣ ፍርዱም ድንጋይ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ በር ላይ አሰርኳት። እሷ ግን መጮኽ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቆሻሻ ሰብሳቢው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ገባ፣ ወጣ። እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ብቻ ታያለች።

ሌላም ነገር አየሁባት። የሰፈራችን ውሻ ሰው ጎንበስ ካለበት፣ የጫማ ክር ሊያስር ይሁን ሳንቲም ወድቆበት፣ ሳሪስ ሳይደርስ አይቆምም። ጎንበስ ማለት ድንጋይ ማንሣት እንደሆነ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ያውቃል። ይቺ ግን ጎንበስ ስል መሬት ላይ ለጥ ትልና ዓይን ዓይኔን ታያለች። «እሺ፣ ቀጥሎስ?» የምትለኝ ይመስለኛል። ለካ በሕይወቷ ድንጋይ ተወርውሮባት አያውቅም።

ምን እንደሆነች የገባኝ የባለቤቴ የጸሎት እኅቶች የመጡ ቀን ነው። ውሻዋን ውሃ ላጠጣት ፈትቻታለሁ። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተበታትነዋል፤ አንዷ ጎመን ታደንቃለች፣ አንዷ ስልክ ታወራለች፣ ሁለቱ በሩ ጋ ቆመው ይሳሳቃሉ። ውሻዋ ድምፅ ሳታሰማ በሰፊው ዞረቻቸው። ትንሽ ጠበብ አድርጋ እንደገና ዞረች። ማንንም አልነካችም። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ስትወጣ ሁሉም የውሃ ታንከሩ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል።

«እናንተ! እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኛ እንጃ፣ እኅቴ» አለች በዕድሜ ትልቋ። «ብቻ ውሻዋ እዚህ ቁሙ ያለችን መሰለን።»

«በኢየሱስ ስም፣ ዞር በይ!» አለቻት ሌላዋ። ውሻዋ ንቅንቅ አላለችም። እኔ በሳቅ ግድግዳ ተደግፌያለሁ።

«ሁለተኛ እንዳትፈታት!» አለችኝ ባለቤቴ፣ ዓይኗ እሳት ሆኖ።

በማግሥቱ ፈታኋትና ጓሮ አስገባኋት። በግ መካከል ነው ያደግሁት። በግ በዱላ ሲነዳ፣ በጨው ሲታለል፣ በእርግማን ሲገፋ አይቻለሁ። በዓይን ሲነዳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሆዷን ከመሬት አስጠግታ፣ አንድ እግሯን አንሥታ አየር ላይ ትታ፣ ዝም ብላ አየቻቸው። ሁለት ሆነው እንኳ ተስማምተው የማያውቁት አሥራ አራቱ በጎች እንደ አንድ ሰው ዞሩ። ጎን ለጎን ሆነው፣ አንድ ጋቢ ውስጥ የገቡ ይመስል፣ ጥግ ላይ ቆሙ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ቀልድ ያጣሁት ስወለድና ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ባለቤቴ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች፣ በጎቹንም ውሻዋንም ይዤ ወደ አስፋልቱ ሄድኩ። እኔ ፊት ፊት፣ በጎቹ ከኋላዬ፣ እሷ ከበጎቹ ኋላ። መሐል አስፋልት ስንደርስ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከቁልቁለቱ ላይ መጣና ክላክሱን ለቀቀው። እንዲያ ያለ ክላክስ ሙት ይቀሰቅሳል። በጎቹ ተበተኑ። ገሚሱ ወደ ታች ሮጠ፣ ገሚሱ እየተሠራ ወዳለው ሕንፃ ገባ። አንዷ ያረገዘች በግ ግን ፍሬን ይዞ በቆመው መኪና ፊት ደርቃ ቀረች። እኔ አንድ እግሬን ሳነሣ ጉልበቴ ተያዘ።

ውሻዋ ስትሮጥ አላየኋትም። እዚህ ነበረች፣ ቀጥሎ እዚያ ታች፣ ከሸሹት ፊት ናት። እነሱን መልሳ ወደ ሕንፃው ተወነጨፈች። ይሄኔ ነው አንዱ ግንበኛ፣

«ኧረ ውሻ! ውሻ በግ ሊፈጅ ነው!» ብሎ የጮኸው።

መንገዱ በሙሉ ጎንበስ አለ። ግንበኛው ጎንበስ፣ ሊስትሮው ጎንበስ፣ የታክሲው ረዳት ጎንበስ። ሕንፃ በሚሠራበት ሰፈር ደግሞ ድንጋይ በሽ በሽ ነው። አሁን እንደ ልማዷ ለጥ ብላ ትተኛለች፣ አለቀላት አልኩ። አልተኛችም። ሰዎቹን ጭራሽ አላየቻቸውም፤ ዓለም ላይ ያሉት በጎቹ ብቻ ነበሩ። አንድ ድንጋይ ጆሮዋን መታት። ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች። ልጮኽ አፌን ከፈትኩ።

የወጣው ግን የባለቤቴ ድምፅ ነው። የዳቦ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች ሁለት እጇን ዘርግታ ከድንጋይ ወርዋሪዎቹ ፊት ቆመች።

«እንዳትወረውሩ! የእኛ ናት!»

«እትዬ፣ በግ እያባረረች እኮ ነው!» አለ ግንበኛው።

«እያገደች ነው! ዓይን የለህም? እያት!»

አያት። ሁሉም አያት። ድንጋዩ በየእጁ ቀረ። ውሻዋ የተበተኑትን ሰብስባ ማዶ ሣሩ ላይ አቆመቻቸውና ለቀረችው ተመለሰች። ያረገዘች መሆኗን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እዚህች ላይ አልሮጠችም። በሆዷ እየተሳበች መጣች፣ ተኛች፣ ጠበቀች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ፉሪ ፉሪ» ማለት የማይሰለቸው ረዳት አፉን ዘጋ። በጊቱ አንድ እግሯን አነሣች፣ ከዚያ ሌላውን፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች አስፋልቱን ተሻገረች። ውሻዋም ርቀቷን ጠብቃ፣ ከኋላዋ።

«ፋዘር» አለኝ ረዳቱ ቀስ ብሎ፣ «ይቺን መስቀለኛ መንገድ ላይ አቁማት በናትህ።»

ባለቤቴ በጎቹን በዓይኗ ቆጠረች። እኔም ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም። ቤት ስንገባ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ፣ ወገቧን ይዛ ተቀመጠችና የውሻዋን ጆሮ ታጥብ ጀመር። ውሻ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር።

«ይቆያሉ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«በጎቹ?»

«ሌላ ምን አለህ? እሷ እስካለች ይቆያሉ። አንተ ግን ሁለተኛ ፊት ፊት እንዳትሄድ። መንገድ ትዘጋባታለህ።»

ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። ባለቤቴም ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ትቆምና እስክንሻገር ታያለች። «የማየው በጎቹን ነው» ትላለች። ዓይኗ ግን ከውሻዋ ላይ አይነሣም።