ሰባት ቤቱ ያልተቆጠረ አፍቃሪ

የፍቅር ልቦለድ የምጽፈው እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ለአሮጊቶች ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ያዝኑልኛል። አይዘኑልኝ! እንደ እኔ የታደለ ደራሲ የለም። ሌላው ደራሲ አንባቢዎቹን በመልክ አያውቃቸውም፤ የእኔዎቹ ገበያ መሀል አቁመው ይቆጡኛል።

አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ምዕራፉን ራሴ እያነበብሁ በስልክ እቀርጽና ዓርብ ጠዋት እልክላቸዋለሁ። ሃቅላታ ይሉታል፣ ቀረጻውን። እሑድ በሞዓዶን፣ በጡረተኞች መሰብሰቢያው፣ ተገናኝተው የእናቴን ስልክ ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጡና አንድ ላይ እንደገና ይሰሙታል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። ፍርዱን የምታመጣልኝ እናቴ ናት።

የምተዳደረው በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እያሸግሁ ነው። እጄ ያሽጋል፣ ልቤ ሰው ያጋባል። ለመጻፍ ፀጥታ ያስፈልጋል የሚላችሁን አትመኑት፤ ከጻፍሁት ግማሹን የጻፍሁት በዕረፍት ሰዓት፣ በካርቶን ክዳን ላይ ነው። ሐሳቡን ከየት ታመጫለሽ ለሚሉኝ ደግሞ ከአውቶቡስ ጣቢያው እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ወታደር ከፍቅረኛው ጋር መሰነባበት አልሆንለት ብሎ ሦስት አውቶቡስ ሲያመልጠው አየሁ። እሱን ስመለከት እኔንም የራሴ አመለጠኝ፤ ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይዤ ሄድሁ።

ምክር የሚጠይቁኝ ወጣቶችም አሉ። ዓይኗ እንዲህ፣ ከንፈሯ እንዲያ እያላችሁ አትድከሙ፤ ሰውየው ወንበር ሲይዝላት አሳዩን፣ የቀረውን እኛው እንጨርሰዋለን እላቸዋለሁ። መሳሳሙ ላይ ስደርስ ግን እኔም ምክር ያስፈልገኛል። እናቴ እንደምትሰማ ትዝ ይለኝና ቶሎ ብዬ መብራት አጠፋለሁ። በዚህ ልቦለድ ውስጥ መብራት ከመጥፋቱ ብዛት አንዷ አሮጊት «በዚያ ሰፈር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው የለም ወይ?» ብላ ጠይቃለች።

ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበር። አፍቃሪው እውነተኛ ሰው ነው። ማለዳ ማለዳ እኛን ሠራተኞቹን ከጣቢያው ወደ ፋብሪካው የሚያመላልሰው የሃሳዓው፣ የሠራተኞች አውቶቡሱ፣ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ እኔም ከፈታሁ ቆይቻለሁ። አሳሳቁን፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ መጥረጉን፣ አርፍዳ የምትሮጥ ሴት ካየ ሳይነሳ መጠበቁን፣ ሁሉንም ሰረቅሁት። እንዳይታወቅብኝ ብዬ የባቡር ሾፌር አደረግሁት። ተፈቃሪዋን ደግሞ እኔን አደረግኋት፣ ሃያ ዓመት ቀንሼ!

ወድጄው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ገና ከሩቅ አውቶቡሱን ሳይ ፀጉሬን እስካስተካክል ድረስ ወድጄው ነበር። ለልቦለዱ ሰውዬ ገጽ ሙሉ አወራለሁ፤ ለእሱ ግን ከ«እንደምን አደርህ» ያለፈ ቃል ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ የምደግሰው ሰርግ ከእሱ ጋር የማገኘው ብቸኛ ሰርግ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ሰርግ ነበር የምተጋው።

ከሰርጉ በፊት ሽማግሌዎች መላክ ነበረባቸው። ሽማግሌ ከተላከ ደግሞ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ወንዱም ሴቷም በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። አድማጮቼ ይህን ሳላስቆጥር ባልፍ አይለቁኝም። የሾፌሩን አባቶች ግን አላውቃቸውም። ጠይቄ እንዳልረዳ፣ ሴት ወንድን ሰባት ቤቱን ከጠየቀች የልቧን ተናገረች ማለት ነው። ስለዚህ ስም ቀያይሬ የራሴን አያቶች አዋስሁት። አንጥረኛውን ሰጠሁት፣ በቅሎው ገደል የገባበትንም ሰጠሁት። ዓርብ ጠዋት ላክሁ።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና፣ ቀትር ላይ በዕረፍት ሰዓቴ እናቴ ደወለች።

«አንቺ ልጅ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን ሆነ እማየ?»

«ለወንድሟ ልትድሪያት ነው እኮ!»

ደነገጥሁ። «የምን ወንድም?»

«በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ! በቅሎው ገደል የገባበት ሰውየ መጀመሪያ የእሷ አያት ነበረ፤ ከፋሲካ በፊት በላክሽው ላይ። አሁን ደግሞ የእሱ ሆነ። አንድ ገደል፣ አንድ በቅሎ፣ አንድ ሰው!»

እውነቷን ነበር። ለተፈቃሪዋም ያው የእኔን ዘር እንደሰጠኋት ጨርሶ ረስቼው ነበር። ከእናቴ ኋላ ሞዓዶኑ ይንጫጫል፤ አንዷ ሰርጉ ይቁም ትላለች፣ ሌላዋ ልጆቹ አንጀቴን በሉት እያለች ታለቅሳለች።

«እማየ፣ ልቦለድ እኮ ነው።»

«ልቦለድስ ቢሆን? ዘር የለውም?»

ካርቶኖቹ ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። «ቤሴደር፣ እሺ፣ ሌላ አባቶች እፈልግለታለሁ።»

«ከየት አምጥተሽ? ደግመሽ ልትቀላቅይ? ሰውየውን ራሱን ጠይቂው።»

«የቱን ሰውየ?»

«መነጽሩን በሸሚዙ የሚጠርገውን ነዋ። እኔ እናትሽ አይደለሁም? ይህ ተፈልስፎ ሳይሆን ታይቶ የተነገረ ነው። ጠይቂውና ነይ፤ እስከዚያ ሰርግ የለም።»

ስልኩን ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ ምን እንዳሸግሁ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥሁ። መንገዱን ሁሉ «ለመጽሐፍ ነው» የሚለውን ስለማመድ ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ሌሎቹ ወርደው አለቁ፤ እኔ አልወረድሁም። በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«የለም። ለመጽሐፍ ነው… ሰባት ቤትህን ብትነግረኝ ብዬ ነበር።»

«ለመጽሐፍ?»

«ለመጽሐፍ!» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

ዞር ብሎ ተቀመጠና ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ፤ በአባቱም በእናቱም፣ የእያንዳንዱን ስም፣ አገሩን፣ ሥራውን። እኔ በካርቶን ክዳን ላይ እጽፋለሁ፤ በልቤ ደግሞ የራሴን እያመጣሁ አስተያያለሁ። ሦስተኛው የእኛ አይደለም። አምስተኛውም አይደለም። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አንድም የእኔ ሰው አላገኘሁም። ከወንበሬ ዘልዬ ጣሪያውን በጭንቅላቴ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

አመስግኜ ተነሳሁ። አሁን የእኔን ይጠይቀኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አልጠየቀኝም። ደስታዬ ሁሉ እግሬ ሥር ወደቀ። በወጣትነቴ ቢሆን ዝም ብዬ እወርድ ነበር።

«የእኔንስ አትጠይቀኝም?» አልሁት።

አንገቱ ድረስ ቀላ። «ያንቺንማ እናቴ ቆጥራ ጨርሳለች።»

«እናትህ?»

«ቤት ሻን ከተማ ነው ያለችው። ሃቅላታሽ በሰው በሰው እዚያም ይደርሳል። የምታወሪው ስለ እኔ መሆኑን በሁለተኛው ምዕራፍ ነው ያወቀችው፤ በሦስተኛው ዘመዶችሽን ስትጠይቅ ሰነበተች።»

«እና?»

«በየትም በኩል አንዛመድም። እናቴ ‹ከአፏ ሳትሰማ እንዳትናገር፣ መጽሐፉን ታበላሽብናለህ› ብላኝ እንጂ፣ ሽማግሌዎቹ እንኳ ተመርጠዋል።»