ዝንብ ያልቀረበው የሰርጌ ጠላ

ጠዋት ስልክ ተደውሎ «እትዬ በላይነሽ አረፈች» ሲሉኝ «የቷ በላይነሽ?» አልኩ። የቷ እንደሆነች አጥቼው አይደለም። ሌላ በላይነሽ ትሆንልኝ ይሆን ብዬ ነው።

ዘጠናን ካለፈች ቆይታለች፣ አውቃለሁ። ግን እኛ መካኒሳ ያለን ሰዎች ሞት የረሳት መስሎን ነበር። እሷም «ዝም በሉ፣ አታስታውሱት» እያለች ትስቅ ነበር። ይኸው ማንም ሳያስታውሰው መጣ።

«እሷ»፣ «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። «አንቱ» ያላትን ሰው አታናግርም ነበር።

ወጣቶቹ ወዳጆቼ አታውቋትም። በንጉሡ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ጎረቤታችን ነበረች። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ነበራት። ጠላውን አተላው ሳይናወጥ ከበርሜል ወደ እንስራ የምትስበው በእሱ ነው። ፓምፑ አመለኛ ነበር። አንዳንድ ቀን አየር ብቻ ይስባል፣ አንዳንድ ቀን ከእጀታው ሥር ያንጠባጥባል። እኛ ብንሆን በመዶሻ ነበር የምናክመው። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ቱቦው ተሰንጥቆ ይሆን፣ ውስጡ ያለው ክብ ቆዳ ደርቆ ይሆን? «አይተሽ ፍቺ እንጂ ፈትተሽ አትዪ» ትለኝ ነበር። ቆዳው ከደረቀ የኑግ ዘይት ውስጥ ታሳድረውና ጠዋት ፓምፑ እንደ ድሮው ይስባል።

የሰርጌን ቀን ልንገራችሁ።

አባቴ ለድግሱ ብዙ ጠላ አስጠምቆ ጓዳ በበርሜል አስቀምጧል። የእሷ ፓምፕ ቆዳው ተቀዶ ስለነበር፣ ወንድሜ ደምሴ ላፍቶ ከሚሠራበት የከብት እርባታ ሌላ ይዞ መጣ። ከብቶቹን የመዥገር መድኃኒት የሚረጩበት ነው። ደምሴ ይህን አልደበቀም። ለእሱ የቆሸሸ ዕቃ ይታጠባል፣ አለቀ። ልክ እንደ ጠላ እንስራ በግራዋ ፈተገው፣ በወይራ አጠነው። እኔም አሽትቼዋለሁ፤ ወይራ ወይራ ነበር የሚለው። ማናችንም ሌላ ነገር አልጠረጠርንም።

በሰርጌ ጠዋት ደምሴ ቱቦውን በየበርሜሉ እየነከረ ሲሞክር ፓምፑ አልስብ ስላለው በአፉ መጥጦ አስጀመረው። ትንሽ ቆይቶ «ራሴን አዞረኝ» ብሎ ጓሮ ሄዶ ተኛ። የሙሽራዋ ወንድም እንግዳ ሳይመጣ ሰከረ ተብሎ ተሳቀበት።

ከዚያ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ። አባቴ እትዬ በላይነሽን ከዳሱ አስጠራትና እንድትጠግነው ነገራት።

እኔ ተሸፋፍኜ እዚያው ጓዳ በር ላይ ተቀምጫለሁ። እንደ ልማዷ ቁጭ ብላ ፓምፑን ማየት ጀመረች።   ከዚያ ዓይኗ ከፓምፑ ወደ መሬቱ ወረደ።

ጥር ነው፣ እኩለ ቀን ነው፣ ሥጋ ተሰቅሏል። ዝንቡ ፊታችንን እንኳን አልማረም። ፓምፑ ሥር የተጠራቀመው ጠላ ላይ ግን የቆመ ዝንብ የለም። ዳር ዳሩን በጀርባቸው የተዘረጉ ሙት ዝንቦች ነበሩ።

«ደምሴ የት ነው?» አለች።

ሰክሮ ተኝቷል ተባለች። ጓሮ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ አረፋ እየደፈቀ ነው፣ ከዚህ ጠላ አንድም ሰው እንዳይቀምስ አለች።

አባቴ ተቆጣ። ዳሱ በሰው ሞልቷል፣ የሙሽራው ወገን መንገድ ላይ ነው። ሰርጉ ደረቀ ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ሲወራበት ታየው። የራሷን ጠላ ልትሸጥ ያመጣችው ተንኮል ነው ብሎ ሰው ፊት ተናገራት። ያን ጊዜ ለአባቴ አፈርኩለት።

እሷ ከበርሜሉ በዋንጫ ቀዳችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንግዲያው ለልጅዎ ይስጧት። እሷ ከጠጣች እኔም እጠጣለሁ።»

አባቴ ዋንጫውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሙሽራ ቀና አትልም፣ እኔ ግን ቀና አልኩ። ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም፤ እጄን ዘረጋሁ። ቆመ። ዓይኔን አየ፣ ዋንጫውን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ደፋው። በርሜሎቹን በየተራ ወደ ውጭ እየገፋ ገለበጣቸው።

በማግስቱ የሞቱ ዶሮዎቻችንን ጠላው የፈሰሰበት ቦይ ውስጥ ለቀምናቸው። ደምሴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነሳ፣ እጁ ግን እስኪሞት ድረስ እንደተንቀጠቀጠ ቀረ። እትዬ በላይነሽ ፓምፑን ለከብት እርባታው የመለሰችው እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ነው፣ ሌላ ድግስ ቤት እንዳይገባ። እኔ እስከ ዛሬ ወይራ ሲሸተኝ ከቤት እወጣለሁ። የሚያስፈራኝ መርዙ ብቻ አይደለም፣ እንዴት ደስ የሚል ሽታ እንደነበረው ነው።

እትዬዬ፣ ቀብርሽ ነገ ነው አሉኝ። ተደግፌም ቢሆን እመጣለሁ።

ያን ቀን ለገበያ የጠመቅሽውን ጠላ አንድ እንስራ ሳታስቀሪ ዳሱ ውስጥ አስገባሽ፤ ለግማሹ ሰው እንኳን አልደረሰም። እንግዶቹ ሰርግ አበላሸች እያሉ፣ ስምሽን እያነሱ፣ እያጉረመረሙ ሄዱ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ሸኘሻቸው። ሁሉም በእግሩ ቤቱ ገባ።

አንቺም በሰላም ግቢ።