ፑንቲናዋን የሚነካት ማነው?

ጋራዡ በር ላይ የቆመው ሰውዬ አሮጌ የጭነት መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል ተብሎ ይወራል። የካንዴላውን እሳት የምታስተኩሰውን ፑንቲና በየማለዳው ክፍተቷን በጥፍሩ ለክቶ ያስተካክላታል፤ ሌላ ሰው ከነካት መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ታኮርፋለች ይባላል።

መካኒኩ ግን ዛሬ ወሬው አልዋጥ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ፑንቲናውን አስነቅሎ ማስተካከል በማያሻው ኤሌክትሮኒክ ለማስቀየር ምን አመጣው?

ሰውዬው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጠመዘዘ ሞተሩን ይዞራል። ላቡ ሁለት ራዲያተር ይሞላል። ጣቶቹ ግን ግራሶ በሩቁ እንኳ አይተው የሚያውቁ አይመስሉም።

“አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ። የምንቀይረው የእርስዎን ልብ አይደለም” አለው መካኒኩ።

“ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ? ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ትነሳለች?”

“ሕፃን ልጅ ያስነሳታል።”

“እኔስ?”

መካኒኩ ሳቁ አመለጠው። “እርስዎማ በጥፍርዎ የሚለኩ ባለሙያ አይደሉም እንዴ? አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።”

“ውሸት ነው” አለ ሰውዬው ባርኔጣውን መጠምዘዝ ትቶ። “እኔ ፑንቲና ነክቼ አላውቅም። የምታስተካክለው ባለቤቴ ናት፤ እኔ መሪ ብቻ ነው የምይዘው። አሁን ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ዛሬ በዳበሳ እስክታስተካክላት ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ነገ ማለዳ ለኦፕራሲዮን የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መኪናዋ ደግሞ ያለ እሷ እጅ አንድ ቀን ተነስታልኝ አታውቅም።”