ማንጎ የሆነችው ልጅ

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት የስፖርት አስተማሪያችን ሸዋሮቢት ውስጥ የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ በፊት ቡድን የሚወጣው በሰፈር ነበር። በሰፈር ሲባል ደግሞ የሚቧደነው የሚዛመደውና አንድ ቋንቋ የሚያወራው ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ የመጣች ልጅ ዳር ቆማ ከማጨብጨብ አታልፍም። አስተማሪያችንን ይህ ያሳስባቸው ነበር።

"ዛሬ የሰፈር ቡድን የለም" አሉ ያን ቀን ጠዋት፣ የቆላው ፀሐይ ሳይበረታ። "ልጅ ሳላችሁ እንደምትቧደኑት ጥንድ ጥንድ ሁኑ።"

ሁላችንም ሳቅን፤ ደንቡን ግን እናውቀዋለን። በጨዋታ አቻ የሆኑ ሁለት ልጆች ራቅ ብለው የምስጢር ስም ያወጣሉ። ተመልሰው ስሞቹን ለአምበሎቹ ይናገራሉ። ተረኛዋ አምበል የትኛው ስም የማን እንደሆነ ሳታውቅ አንዱን ትመርጣለች፤ የቀረችው ለሌላው ቡድን ትሆናለች።

የእኔ ጥንድ ሁልጊዜ የአክስቴ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ግን እሷ አምበል ስለሆነች ጥንድ አጣሁ። ሌላዋ ብቻዋን የቀረችው ከአፋር መጥታ ዘመድ ቤት ሆና የምትማር የክፍላችን ልጅ ነበረች። ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። በእረፍት ሰዓት ከግድግዳ ጋር ኳስ ስትጫወት አያት ነበር። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"ዛሬም ካላጫወታችሁኝ ሁለተኛ አልመጣም" አለችኝ በቀስታ።

"ኧረ እናንተ አቻ ናችሁ?" ብላ አንዷ ከኋላችን ሳቀች። "በዚያ ቀሚስ ልትዘል ነው?"

"የሚዘለው ቀሚሱ አይደለም" አለች ልጅቷ፣ ዞር ሳትል።

ራቅ አልንና "ማንጎና ፓፓያ እንበል" አልኳት።

"ማንጎ እኔ ነኝ" አለች ቶሎ ብላ።

ትንሽ አመነታሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንጎ የምሆነው እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ የአክስቴ ልጅ አሳምራ ታውቃለች። የመምረጡ ተራም የእሷ ነበር።

"እሺ፣ አንቺ ሁኚ" አልኳት።

አምበሎቹ ፊት ቆመን "ማንጎ ወይስ ፓፓያ?" ስንል የአክስቴ ልጅ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

"ማንጎ!" ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ወደ እሷ ተራመደች። የአክስቴ ልጅ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ማንጎ መሆን ተውሽ እንዴ አንቺ?" አለችኝ።

"ተመርጧል፣ አበቃ!" አሉ አስተማሪያችንና ፊሽካቸውን ነፉ።

መጀመሪያ ላይ ለልጅቷ ኳስ የሚያቀብላት አልነበረም። ኋላ አንዲት ኳስ መረቡ አጠገብ ከፍ ስትል፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ዘለለችና መታቻት። ኳሷ እግሬ ስር አረፈች፤ እጄን እንኳ ለመዘርጋት አልደረስኩም።

"ለእሷ! ለእሷ ስጧት!" እያሉ የቡድኗ ልጆች መጮህ ጀመሩ። እኛ ተሸነፍን። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአክስቴ ልጅ እኔን ትታ የልጅቷን ክንድ ይዛ ነበር።

"ለሳምንት ምን ትሆኛለሽ? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።"

"ምስጢር ነው" አለቻት። "ሳምንት ስመጣ ትሰሚያለሽ።"