የሳሻ ስም የመጨረሻ ጉዞ

ከንጋቱ 12፡30፣ ኖርዝጌት

ሳይነጋ መኪና አስነሳሁ። ካፊያ ነው። የመስታወት መጥረጊያው እንደኔ ጉልበት ይንቋቋል። አጠገቤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጄ ሳሻ ክራባቴን አስሮ ተቀምጧል። እኔ ሆድ ላይ አጭር የነበረው ክራባት እሱ ላይ ልክ ሆኖ ቁጭ። ቡሪየን ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን፤ ልጁ ስሙን ሊቀይር ነው።

ሳሻ እዚህ አገር የሴት ስም ነው። ይህን የተማርኩት መዋዕለ ሕፃናት ባስገባሁት ቀን አስተማሪዋ ሮዝ ቀለም ያለው የስም ካርድ አንገቱ ላይ ስታንጠለጥልለት ነው።

ስሙ የታላቅ ወንድሜ ነው። እስክንድር ሞስኮ ሲማር የዶርም ጓደኞቹ ሳሻ አሉት። ተመልሶ በዓመቱ ጦር ግንባር ቀረ። ደሴ ያለችው እናቴ ከዚያ ወዲህ እስክንድር የሚለው ስም ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ልጄን ሳሻ ስለው ግን በስልክ ሦስቴ ጠራችው።

ለልጁ ይህን ነግሬው አላውቅም። «ታንክ ተሸክሞ የሮጠ የራሺያ ጀግና ስም ነው» እያልኩ ስቀልድ አደገ። ዛሬ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ።

1፡10፣ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና

ትራፊኩ ቆሟል። ፊት ለፊቴ የቀይ መብራት ሰልፍ ብቻ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሳሻዬ፣ ይሄ ስም እኮ...»

«ዳድ፣ ፕሊስ።»

በቃ የታክሲ ወሬ አወራሁለት። ድሮ ታክሲ ስነዳ አንዲት ራሺያዊት አሮጊት ጭኜ የልጄን ስም ስነግራት ገሠጸችኝ። «አሌክሳንድር ሲቆላመጥ አሌክሳሻ ይሆናል፤ ፊቱ ይቆረጥና ሳሻ ይቀራል። ትርጉሙ ሰውን የሚጠብቅ ማለት ነው። ግን የቤት መጠሪያ እንዴት ወረቀት ላይ ይጻፋል?»

በኛ አገር ልጁን ማሙሽ ብዬ ፓስፖርት አወጣሁለት እንደማለት ነው። ልጄ ሳቀ። ሲስቅ ቁርጥ እስክንድርን ነው። እዚያ ሳቅ ላይ ሞት ማምጣት ከበደኝ፤ ሌላ ቀልድ ጨመርኩ።

1፡45፣ ኦቴሎ

ሳምቡሳ ሻጩ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ፓርክ አደረግን። የምስር ሳምቡሳ፣ ትኩስ፣ አንዱ ዶላር ከሃምሳ።

«ምነው በክራባት? ልትድረው ነው?» አሉኝ ሐጂ።

«ስሙን ሊቀይር ነው።»

«የማን ስም ነበር?»

ልጄ በር ላይ ስልኩን ያያል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የሟች ወንድሜ» አልኳቸው።

«ያውቃል?»

ሳምቡሳ ጎረስኩ። አፍ ሲሞላ ዝም ማለት ጨዋነት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለኔ የነገርከውን ለሱ መንገር ምን ያቅትሃል?» አሉና ሁለት መረቁልኝ።

መኪና ውስጥ ስለ ሐጂ ጢም ቀለድኩ።

2፡45፣ ቡሪየን

ትንሽ ክፍል፣ ባንዲራ፣ ከፊታችን ሁለት ባለጉዳይ። ዳኛዋ ልጄን ስሙን ለምን እንደሚቀይር ጠየቀችው።

«የሴት ስም ነው» አለ በእንግሊዝኛ። «ደግሞ ቤተሰባችን ውስጥ የማንም ስም አይደለም።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። የምናገረውን ነገር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፈለግኩት። «ሶሪ» ብዬ ተቀመጥኩ። የሐጂ ሳምቡሳ ኪሴ ውስጥ ተጨፈለቀ።

ፈረመች። ጄሰን ሆነ።

3፡40፣ ወደ ቤት

ካፊያው አላባራም። ስልኬ መኪናው ስፒከር ላይ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ሳሻዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«አጠገብህ ካለ ስጠኝማ፣ ድምፁን ልስማው።»

ልጄ ክራባቱን እየፈታ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አለ። «ሃይ እማማ። ጄሰን ነኝ።»



«ማነህ ልጄ?» አለች እናቴ። «ሳሻን ስጡኝ እንጂ።»

ልጄ አየኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

«ወጣ ብሏል እማዬ» አልኳት።