«ውረዱ» ያልኩት እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩት ኔትወርክ ለመካነ ሰላም ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ድርጅታችን የሞባይል ማማ ይተክላል። እኔም ያገሩ ልጅ ነኝና ከከተማው በላይ ባለው ጋራ ላይ ለሚቆመው ማማ የቡድን መሪ ሆንኩ። የእናቴን ደስታ አትጠይቁኝ! እህቴ ዓረብ አገር ናት፤ ድምጿን ለመስማት ቴሌ ደጃፍ ተሰልፎ መዋል እናቴን ሰልችቷታል።

አለቃችን ወጣት ነው። ጭንቅላቱን ማንም አይክደውም፤ አፉ ግን እሬት! ፊት ለፊት አንቱ እንለዋለን፣ ዞር ሲል አንተ። መሥሪያ ቤት ሁሉ ግምገማ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበርና እሱም ከመንግሥት ቀድቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ ይሰበስበናል። እያንዳንዱ እየተነሳ የባልደረባውን ጉድ ያወጣል። «የምለው የለኝም» ያለ ሰው አድርባይ ይባላል። እሱ ራሱ ተገምግሞ አያውቅም።

ማማው ላይ የሚወጡት የኩታበር ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቀበቶ ታጥቄ ከፍታ ላይ እንድቆም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስፈራ «አብሽሪ ልጄ፣ ወደ ታች አትዪ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ አለቃዬ «ዛሬ አንቴናው ሳይታሰር ማንም እንዳይወርድ» አለ። ከሰዓት ነፋሱ አይቻልም ብንለው «ለሰበብ ጆሮ የለኝም» ብሎን ደሴ ሄደ። እንዳልነውም ነፋሱ ተነሳ። የተንጠለጠለው አንቴና ጋሼን ይገፈትራቸው ጀመር። አላስቻለኝም። «ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወረዱ።

ቅዳሜ ግምገማው በእሳቸው ተጀመረ።

«ማነው ውረድ ያለህ?» አለ አለቃዬ፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ እያለ።

«ማንም። ራሴ ፈርቼ ነው» አሉ ጋሼ፣ ወደኔ ሳያዩ።

ለእኔ ብለው ነው፤ እንጀራዬ እንዳይቋረጥ። ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው ዕቃህን ሸክፍ። ፈሪ ማማ አይወጣም» አለና ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? ማንን ትገመግሚያለሽ?»

«አዎ፣ ፈርተዋል» ብል ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ ጋሼ ይባረራሉ። ተነሳሁ።

«እርስዎን» አልኩት።

አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠ።

«ውረዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ነፋስ አለ እያልንዎት አትውረዱ ያሉት ደግሞ እርስዎ። ቢወድቁ ለልጆቻቸው ማን ሊያረዳ ኖሯል? እርስዎ እንደሁ ደሴ ነበሩ!»

አልተቀመጥኩም።

«ግለ ሂስ አድርጊና ይለፍሽ» አለ።

«አላደርግም። ጥፋት አይደለማ!»

ያን ቀን ከቡድን መሪነት አወረደኝ። ለጋሼ ገመድ ያዥ ሆንኩ፤ ማዋረዱ ነው። እሳቸውን ግን አላባረራቸውም፤ አፍሮም ይሁን ሌላ የሚወጣለት ሰው አጥቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼም ከድንኳኑ ስንወጣ «ምን ያንቀዠቅዥሻል፣ አንቺ ልጅ!» ብለው ተቆጡኝ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ማማው ላይ ወጡ። አንቴናው ታሰረ፣ አንዲት ብሎን ብቻ ቀረች። ይኼኔ ነፋሱ ተነሳ። አለቃዬ መኪናውን ተደግፎ አፌን አፌን ያየኛል። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤

«ጋሼ፣ ውረዱ!»