ከአንድ ቅል የምንጠጣበት ሥዕል

ሰሞኑን አሶሳ ለማስተምራቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች የሥዕል መጻሕፍት በካርቶን መጡልን። ካርቶኑ ሲከፈት የሙጫና የቀለም ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሽፋኑ ላይ የየብሔረሰቡን ልብስ የለበሱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ። ተማሪዎቼ እየተሻሙ ሲያገላብጡ እኔን ያ ሽታ ወዳደግኩባት ገነተ ማርያም መለሰኝ፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ቲቸር ፍሰሐ ከዱቄት ባፈላው ሙጫ ወረቀት ሲያጣብቅ።

ቲቸር ፍሰሐ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ትምህርት ቤታችን ከመማሪያው በቀር ሌላ መጽሐፍ አልነበረውም። እሱ ግን ጊዜያቸው ያለፈ የግድግዳ ካላንደሮችን ከየቢሮው ለምኖ ሰበሰበና ጀርባቸው ላይ እኛኑ መሣል ጀመረ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ እኛ በጣታችን እየተከተልን እናነባለን። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የአማራ ልጆች ነበርን፤ እስከዚያ ድረስ ወንበራችንም ጨዋታችንም በየፊናው ነበር። ፊታችንን ወረቀት ላይ ስናይ ግን መጠያየቅ ጀመርን። እናንተ ቤት ምን ይበላል? ውሃ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?

የኔ ጓደኛ አለሚቱ የጉሙዝ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ስላልነበረው ከመንደሯ ውሃ በቅል ይዛ ትመጣለች። በእረፍት ሰዓት ማንጎው ሥር ተቀምጠን እየተቀባበልን እንጠጣለን፤ ውሃው ጭስ ጭስ ይላል፣ ደስ ይል ነበር። ቲቸር ያንን ሣለው። ቀለም ሊቀባው ሲል አለሚቱ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቆመች።

"ቲቸር፣ እኔ ቀይ አድርግ።"

"ለምን?"

"መጽሐፍ ውስጥ እንደ እኔ ጥቁር ሰው የለም።"

ቲቸር ብሩሹን አነሣ። ከዚያ ጥቁርና ቡናማ ቀለም እየደባለቀ በዝግታ ቀባ። "እስኪ እዪው፤ አንቺ አይደለሽም?" አላት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሥዕሉ እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዳይነካው መስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀችው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሥዕሎቹ በሙጫ ተጣብቀው አንድ መጽሐፍ ሆኑና ወላጆች ተጠሩ። አባቴ የገበያው ነጋዴ ነበርና ከፊት ወንበር ሰጡት። የአለሚቱ እናት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወላጆች የየልጆቻቸውን መልክ እያገኙ ሳቁ። አባቴም ሲያገላብጥ ይስቅ ነበር፤ ማንጎው ሥር ያለንበት ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

"ይቺ የኔ ልጅ ናት?" አለ።

"አዎ" አለ ቲቸር።

"ከእነሱ ጋር፣ በአንድ ቅል?"

ገጹን ቀደደው። አልጮኸም፤ የዕቃ መጠቅለያ እንደሚቀድ ሰው ረጋ ብሎ ነበር። ቲቸር "አቶ ሞላ፣ መጽሐፉ የልጆቹ ነው" ሲለው "ልጅቷ ደግሞ የኔ ናት" አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሌሎቹ ወላጆች መጽሐፉን ተቀብለው ማገላበጥ ቀጠሉ። የአለሚቱ እናት አማርኛ አትችልም፤ ይሄን ለመረዳት ግን አማርኛ አላስፈለጋትም። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አለሚቱ አልመጣችም። ቲቸር ፍሰሐ መንደሯ ድረስ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ሕፃን አዝላ የቀርከሃ ቡቃያ ትሸጣለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት መለየት ትቶ ነበር።

"አንተ ትልቅ ሆንክ" አለችኝ። "ትምህርት አለህ?"

"አለኝ።"

"መጽሐፉስ?"

"ትምህርት ቤት አለ። ነይና እዪው።"

ሕፃኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው። "ምን አያለሁ? እኔ የለሁም እኮ" አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

ከዓመታት በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት የተጋደለበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የእነሱ መንደር ነደደ፣ የእኛም ቤት ነደደ። እኛ ዘመድ ተጠግተን አሶሳ ገባን። አለሚቱ የት እንደደረሰች የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ተማሪዎቼ ባለቀለሙን መጽሐፍ እየሳቁ ያነባሉ። ደወል ሲደወል ግን ከየት ተፈናቅሎ እንደመጣ እየተለያየ ሁሉም ከየወገኑ ጋር ይወጣል። እኛ ያኔ እንዲህ ያለ የታተመ መጽሐፍ ሳይኖረን የደረስንበት መቀራረብ ላይ አልደረሱም።

አባቴ አርጅቶ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ከሰዓት በኋላ አብረውት የተፈናቀሉ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ባለፈው እሑድ "ድሮ እኮ ማን ከየት ነው ተባብለን አናውቅም፤ እንደ ወንድማማች ነበርን" ሲል ሰማሁት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"አባዬ፣ አለሚቱን ታስታውሳታለህ?" አልኩት።

"የትኛዋ አለሚቱ?"

ስለ ሥዕሉ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ።

"እኔ? የሰው ልጅ ያለበት ሥዕል ልቀድ? አላደርገውም ልጄ፤ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሽ ይሆናል።"

አልዋሸኝም። ዓይኑን አይቻለሁ፤ ከልቡ ረስቶታል። አለሚቱ በሕይወት ካለች ግን የረሳችው አይመስለኝም።